ሕግን ከሚመረምሩ ሰዎች ጋር በወግዲ

የሕግ ሊቅ ሲባል በብዙ ሰው ሐሳብ የሚመጣው በችሎት የተቀመጠ ዳኛ ወይም ለደንበኛው የሚከራከር ጠበቃ ነው። አንዱን ባለጉዳይ ለመርታት ወይም ለመርዳት ሳይሆን፣ ሕጉ ራሱ ከሰው ኑሮ ጋር ምን ያህል እንደ ተጋጠመና ምን ያህል እንደ ተራራቀ ለማወቅ መጽሐፍ የሚያገላብጥ፣ መዝገብ የሚያስወጣ፣ አገር ለአገር የሚዞር የሕግ ሊቅ መኖሩን የሚያስብ ግን ብዙ አይገኝም። ከእንዲህ ያሉ ሰዎች ጋር ለዐሥራ አንድ ቀን ያህል አብሮ ለመዋልና ለመነጋገር ዕድል ስለ ገጠመን፣ የሰማነውንና የታዘብነውን ለዚህ መጽሔት አንባቢዎች ማካፈል ተገቢ መስሎ ታየን።

ነገሩ የሆነው በ2011 ዓ.ም. በኅዳር ወር ነው። ቦታው በደቡብ ወሎ በምዕራቡ በኩል፣ ከመካነ ሰላም አልፎ ወደ ዓባይ ሸለቆ የሚያዘነብለው የወግዲ ወረዳ ነው። አገሩን ላላየ አንባቢ ለመግለጽ ያህል፣ ከላይ ገብስና ስንዴ የሚበቅልበት ብርዳም ደጋ፣ ከታች ማሽላ የሚዘራበት ቆላ አለው፤ ከገደሉ አፋፍ ቆሞ ወደ ምዕራብ ለሚመለከት ሰው ከዓባይ ማዶ የጎጃም ምድር ይታየዋል። ክርስቲያኑና እስላሙ በአንድ ደቦ የሚሠራበት፣ በአንድ ለቅሶ የሚቀመጥበት አገር ስለ ሆነ፣ ቄሱና ሼኹ ለሽምግልና ጎን ለጎን ተቀምጠው ማየት ለእኛ ብርቅ አይደለም። እኛ በዚያን ጊዜ በወረዳው ካሉት የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች በአንደኛው የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበርን። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታችንን ከጨረስን ወዲህ የተማርነው ሁሉ ባለጉዳይ ከሚያመጣው አቤቱታና ከሚሰጠው መልስ የተለቀመ ነው ብንል ሐሰት አይሆንም።

እንግዶቹ ሦስት ነበሩ። አንደኛው በዕድሜ የገፉ፣ ለብዙ ዘመን ሕግ ያስተማሩ መምህር ናቸው። ሁለተኛዋ ለዶክትሬት ማዕረግ የሚሆን ጥናት የምታዘጋጅ ወጣት ናት፤ አንቱታውን ተዉልኝ ብላ ስለ ለመነችን አንቺ እንላት ነበርና እዚህም እንደዚያው እንጽፋለን። ሦስተኛው ሰው ከተገደለ በኋላ ደም ስለሚደርቅበት የዕርቅ ሥርዓት የሚያጠና ጎልማሳ ነበር፤ አብዛኛውን ቀን ወደ ቆላው ወርዶ ይውል ስለ ነበረ ከእኛ ጋር የተጨዋወተው ጥቂት ነው፤ ስለዚህም ስለ እርሱ ሥራ ብዙ አንጽፍም። በደሴና በአቀስታ በኩል መጥተው፣ አቧራ ለብሰው፣ የትብብር ደብዳቤያቸውን ይዘው ከቢሯችን ሲገቡ አለቃችን «መዝገቡን አሳያቸው፤ ከክፍሉ ግን አንድ ወረቀት እንዳይወጣ» ብለው ለእኛ አስረከቡን።

የመዝገቡ ክፍል ጠባብና ጨለማ ነው። ፋይሎቹ በሲባጎ እየታሰሩ እስከ ጣሪያው ተደርድረዋል፤ የታችኞቹን ምስጥ፣ የላይኞቹን አይጥ ይጠብቃቸዋል። ወጣቷ ተመራማሪ ከዚያ ክፍል ውስጥ በርጩማ አስገብታ ስድስት ቀን ሙሉ ተቀመጠች። የምትፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ ይኸውም አባት ወይም እናት ሲሞቱ ለባል የተሰጠችው ሴት ልጅ ከመሬቱ ምን ደረሳት የሚለው ነው። እያንዳንዱን ፋይል ከፍታ የከሳሹን ስም፣ የተከሳሹን ስም፣ ዘመኑንና የውሳኔውን ቃል በደብተሯ ስታሰፍር፣ እኛ በዓመት ውስጥ ሃያ ጊዜ ያነሣናቸውና የጣልናቸው ወረቀቶች እንደ አዲስ ነገር ይታዩን ጀመር። ለምሳሌ፣ ብዙዎቹ ሴቶች ክስ ያቀረቡት ወንድማቸው በሕይወት ሳለ ሳይሆን ከሞተ በኋላ መሆኑን እኛ አስተውለን አናውቅም ነበር። እርሷ ግን በሦስተኛው ቀን «ሴቶቹ ወንድማቸውን አይከሱም፤ የሚከሱት የወንድማቸውን ልጆች ነው። ለምን ይመስልሃል?» ብላ ጠየቀችን። መልሱን በኋላ ከሰው አፍ እንሰማዋለንና ለጊዜው እንተወው።

ማታ ማታ ካረፉበት ቤት እየሄድን ቡና እየጠጣን እንጫወት ነበር። መምህሩ ሲናገሩ ቀስ ብለው፣ እንደ ጥንት የቅኔ መምህር ተማሪያቸውን እየጠየቁ ነው። አንድ ምሽት የፍትሐ ብሔር ሕጉን መጽሐፍ በጉልበታቸው ላይ አኑረው «ይህ መጽሐፍ ስንት አንቀጽ አለው?» አሉን። ዝም አልን። «3367» አሉ። «በየትኛው ቋንቋ ተረቀቀ?» አሁንም ዝም አልን። «በፈረንሳይኛ» አሉና የሕጉን ልደት እንደ ሰው የሕይወት ታሪክ አድርገው ተረኩልን።

እርሳቸው እንዳስረዱን፣ ሕግ አርቃቂው ጉባኤ በ1946 ዓ.ም. ከተቋቋመ በኋላ የወንጀሉ ሕግ ለስዊሱ ሊቅ ለዣን ግራቨን፣ የፍትሐ ብሔሩ ሕግ ለፈረንሳዊው ፕሮፌሰር ለሬኔ ዳቪድ ተሰጠ። የፍትሐ ብሔሩ ሕግ ሚያዝያ 27 ቀን 1952 ዓ.ም. ታውጆ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ ጸና። ከዚያ በፊት ለብዙ ዘመን በአገራችን የሕግ መጽሐፍ ተብሎ የሚጠቀሰው ፍትሐ ነገሥት ነበረ፤ እርሱም ቢሆን በዐሥራ ሦስተኛው መቶ ዘመን በግብፅ በዐረብኛ ተጠናቅሮ በኋላ ወደ ግዕዝ የተመለሰ፣ 51 አንቀጾች ያሉት፣ 22ቱ ስለ መንፈሳዊ የቀሩት ስለ ሥጋዊ ነገር የሚናገር መጽሐፍ ነው። «እንግዲህ ሁለቱም ከውጭ የመጡ ናቸው» አሉ መምህሩ ፈገግ ብለው፤ «የመጀመሪያው ግን ብዙ ዘመን ስለ ኖረ እንግድነቱን ረሳነው። አባ ጳውሎስ ፃድዋ ወደ እንግሊዝኛ መልሰውት በ1968 እ.ኤ.አ. ሲታተም፣ የውጭ አገር ተማሪዎች የኢትዮጵያ ጥንታዊ ሕግ እያሉ የሚያጠኑት እርሱን ሆነ።»

ከዚያም ስለ አንቀጽ 3347 ነገሩን። ይህ አንቀጽ፣ በሕጉ ውስጥ በተነገሩት ጉዳዮች ላይ ቀድሞ ይሠራበት የነበረው ደንብ ሁሉ፣ የተጻፈም ቢሆን በልማድ የቆየ፣ እንደ ተሻረ ይናገራል። ፕሮፌሰር ዳቪድም በ1963 እ.ኤ.አ. በጻፉት ጽሑፍ፣ የኢትዮጵያ ልማድ እንደየአገሩ የተለያየና የሚለዋወጥ ስለ ሆነ ሕግ ሊቆምበት እንደማይችል፣ አገሪቱም የራሷን ሕግ በዝግታ ለማብሰል ብዙ መቶ ዓመት ለመጠበቅ ጊዜ እንደሌላት አስረድተዋል። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ፋኩልቲ በ1956 ዓ.ም. ሲከፈትና «የኢትዮጵያ ሕግ መጽሔት» መውጣት ሲጀምር፣ ይኸው የሕጉና የልማዱ ነገር ከመጀመሪያዎቹ ክርክሮች አንዱ ሆነ፤ ከመምህራኑ አንዱ የነበሩት ጆርጅ ክሸቹኖቪች በ1965 እ.ኤ.አ. በዚሁ ጉዳይ ላይ ጽፈዋል። ስለ ቀድሞው ዘመን ሙግት፣ ስለ ተጠየቅና ስለ በላ ልበልሃ የሚፈልግ ሰው ደግሞ አበራ ጀምበሬ በ2000 እ.ኤ.አ. ያሳተሙትን የኢትዮጵያ ሕግ ታሪክ እንዲያነብ መከሩን።

እኛም ደፍረን አንድ ጥያቄ አቀረብን። «መምህር፣ ልማዱ በ1953 ዓ.ም. ከተሻረ፣ እዚህ ወግዲ በየሳምንቱ ከዛፍ ሥር የሚቀመጡት ሽማግሎች የሚፈርዱት በምንድን ነው?» አልናቸው። ብዙ ሳቁ። «እኔ አርባ ዓመት ሙሉ ያስተማርሁት የተሻረውን ሳይሆን የጸናውን ነው፤ አሁን በእርጅናዬ የመጣሁት የተሻረው እንዴት እንደሚኖር ለማየት ነው» አሉን። እኛ በግላችን ይህ መልስ ከሁሉ ይልቅ ደስ አሰኝቶናል፤ ሊቅ ሆኖ የማያውቀውን ለማየት የሚወጣ ሰው ሁልጊዜ አይገኝምና።

በሰባተኛው ቀን እንግዶቻችንን ይዘን ወደ አንድ ቀበሌ ወጣን። ሽማግሎቹ ተሰብስበው ጠበቁን። ተመራማሪዎቹ የመጡበትን ምክንያት ካስረዱ በኋላ፣ ከሽማግሎቹ አንዱ መቋሚያቸውን ተደግፈው እንዲህ አሉ፤ «ልጆቼ፣ እግዜር ያክብራችሁ። ከእናንተ በፊትም መጥተው ጠይቀውናል። ስንት ልጅ አላችሁ ያሉን አሉ፤ ስንት በሬ አላችሁ ያሉን አሉ፤ ስትጣሉ እንዴት ትታረቃላችሁ ያሉንም አሉ። ጥያቄውን ተቀብለን መልሱን ሰጥተን ሸኘናቸው። ተመልሶ እንዲህ ሆኖ ተገኘ ብሎ የነገረን ግን የለም። የእናንተስ ጥናት ለማን ነው?»

ሦስቱም እርስ በርሳቸው ተያዩ። ሦስተኛው ተመራማሪ ጥናቱ ለሕግ አውጪዎች ምክር እንደሚሆን አስረዳ፤ ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ እንጂ የረኩ አይመስሉም። ወጣቷ ግን «አባባ፣ እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ለእኔ ነው፤ ማዕረግ አገኝበታለሁ። ከዚያ በኋላ ግን የተጻፈውን ለእናንተ እልካለሁ» አለች። ሽማግሌውም «ይህስ የሰው ቃል ነው» ብለው ወንበር እንዲመጣላት አዘዙ።

በዚያ ጉባኤ ዳር ነጠላቸውን ተከናንበው ከተቀመጡት ሴቶች መካከል አክስታችን ነበሩ። አክስታችን ስንል የአባታችን የአጎት ልጅ ናቸው፤ እንደ አገሩ ልማድ ግን አክስት እንላቸዋለን። የእርሳቸውን ጉዳይ ዘመዱ ሁሉ ያውቀዋል። አባታቸው በ1994 ዓ.ም. ሲሞቱ ወንድማቸውና እርሳቸው ብቻ ቀሩ። እርሳቸው ለሌላ ቀበሌ ተድረው ስለ ነበር ሽማግሎች ተቀምጠው፣ መሬቱን ወንድም እንዲያርስ፣ ለእኅቱ ግን በየዓመቱ አንድ ዳውላ ጤፍ እንዲሰፍር ወሰኑ። የተጻፈ ነገር አልነበረም። ወንድም እስከ ሞተበት እስከ 2006 ዓ.ም. አንድ ዓመት ሳያጓድል ሰፈረ። በመካከሉ የይዞታ ደብተር ሲሰጥ በደብተሩ ላይ የሰፈረው የወንድምና የሚስቱ ስም፣ የተለጠፈውም የሁለቱ ፎቶግራፍ ሆነ። ልጆቹ አባታቸው ከሞተ በኋላ ሁለት ዓመት ሰፈሩ፤ በ2009 ዓ.ም. ግን አቆሙ። አክስታችን ከሰሱ፤ ስሙን ለመጥቀስ የማያስፈልገን አንድ ፍርድ ቤትም የውርስ ጥያቄው በይርጋ ታግዷል ብሎ መዝገቡን ዘጋ። እንግዶቻችን በመጡ ጊዜ ይግባኙ ገና አልታየም ነበር።

ወጣቷ ተመራማሪ ከአጠገባቸው ሄዳ ተቀመጠች። «እማማ፣ ወንድምዎ በሕይወት ሳሉ ለምን ስምዎን ከደብተሩ እንዲያገቡልዎ አልጠየቋቸውም?» አለቻቸው። አክስታችንም «ልጄ፣ ወንድም እኮ ነው! እየሰፈረልኝ ስምህን አጥፋና ስሜን ጻፍ ልበለው? ወንድሜን ከስሼ ሲሞት በምን ዓይኔ አለቅሰዋለሁ? ሴት ወንድሟን ስትከስ ባሏ ቢገፋት የምትገባበት ቤት የላትም» አሉ። ከጥቂት ቀን በፊት ከመዝገብ ቤታችን የተነሣው ጥያቄ መልስ ይህ ነበር። ተመራማሪዋ ለጥቂት ጊዜ ጽሕፈቷን ትታ ዝም ብላ ስታያቸው አየን።

በዚያው ምሽት በመምህሩና በተማሪያቸው መካከል የተደረገው ክርክር እስከ ዛሬ ከጆሯችን አልወጣም። መምህሩ «የሕጉ አንቀጽ 1000 ግልጽ ነው፤ ከሳሹ መብቱን፣ ንብረቱም በሌላ ሰው መያዙን ካወቀ ሦስት ዓመት ያለፈው እንደ ሆነ የወራሽነት ጥያቄ ማቅረብ አይችልም። እኒህ ሴት ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ ያውቃሉ» አሉ። እርሷም «ያወቁትማ መሬታቸው በሌላ እጅ መግባቱን አይደለም፤ ወንድማቸው ለሁለቱ እንደሚያርስ ነው። ሕጉ ራሱ ሰው በሌላ ሰው እጅ ሊይዝ ይችላል ይላል። ዳውላውን በየዓመቱ የበላ ሰው መሬቱን አልያዘም እንዴት ይባላል?» አለች። ቀጥላም ስለ ግዴታዎች የሚናገረውን አንቀጽ 1851ን አነሣች፤ ባለዕዳው ከዕዳው ከፊሉን በመክፈል ያመነ እንደ ሆነ የይርጋው ቁጥር ይቋረጣል የሚለውን ነው። «እንግዲያስ የመጨረሻው ዳውላ የተሰፈረው በ2008 ዓ.ም. ነው፤ ይርጋውም ከዚያ ሊቆጠር ይገባዋል» አለች።

መምህሩ አልተቀበሉም። ያ አንቀጽ ለባለዕዳና ለባለገንዘብ የተጻፈ እንጂ ለወራሾች አይደለም፤ ደግሞም ከየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ዐዋጅ ወዲህ ገበሬው ያለው የይዞታ መብት እንጂ ርስት ስላይደለ፣ የፍትሐ ብሔሩን የውርስ አንቀጽ በገጠር መሬት ላይ እንዳለ ማዋሉ ራሱ መመርመር አለበት፤ የክልሉን የመሬት ዐዋጅ፣ የ1998ቱንና እርሱን የተካውን የ2009ኙን፣ አስቀድሞ ማየት ይገባል አሉ። እርሷ ደግሞ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 35 ሴቶች በመሬት ላይና በውርስ እኩል መብት እንዳላቸው መደንገጉን አስታወሰቻቸው። መምህሩ «መብቱንማ ማን ካደ! ችግሩ መብቱ አይደለም፤ ማስረጃው ነው። በ1952 ዓ.ም. የተጻፈውም የውርስ ሕግ ልጆች እኩል ይካፈላሉ ነው የሚለው። የጥንቱም ርስት ቢሆን በአባትም በእናትም ይቆጠር ነበር። አላን ሆበን ከዓባይ ማዶ በደጋ ዳሞት አጥንቶ በ1973 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ይህንኑ ነው ያሳየው። ሦስቱም ዘመን ሴቲቱን እኩል ናት ይላታል፤ በሦስቱም ዘመን ግን ዳውላ ትቀበላለች» አሉ። ከዚህ በኋላ ሁለቱም ዝም አሉ፤ ቡናውም በረካው ደርሶ ነበር።

እኛ የሕግ ተማሪ ባንሆንም ልባችን ወደ ወጣቷ አደላ። ዘመድነታችን ስለ ሳበን ነው የሚል ቢኖር አንከራከረውም። ይሁን እንጂ በመዝገብ ቤት ለሚሠራ ሰው አንድ ነገር ግልጽ ነው፤ የተጻፈው ሁሉ የሆነው ሁሉ አይደለም። አንድ ዳውላ ጤፍ ለዐሥራ አራት ዓመት ሲሰፈር መንደሩ በሙሉ አይቷል፤ ያየውን የሚያስገባበት ፋይል ግን በመደርደሪያችን ላይ አልነበረም።

እንግዶቻችን ከሄዱ በኋላ ይግባኙ ታይቶ የመጀመሪያው ውሳኔ ጸና። የወንድማቸው ልጆች በሽማግሎች ተለምነው አንድ ዳውላ ጤፍ ጭነው ወደ አክስታችን ቤት መጡ። «ለእርጅናዎ ይሁንዎ ብለን ነው» አሏቸው። አክስታችንም የዚያን ቀን ከተመራማሪዋ ጋር ሲነጋገሩ የሰሙትን አልረሱምና፣ «ለእርጅናዬ ከሆነ አልቀበልም። በአባቴ መሬት ላይ ስላለኝ ድርሻ ነው ብላችሁ ጽፋችሁ ከፈረማችሁ ግን አስገቡት» አሉ። ልጆቹ አልፈረሙም። ጤፉ ለብዙ ወራት በጎረቤት ጎተራ ተቀመጠ፤ እርሳቸው ግን ያን ዓመት ከገበያ ሸምተው በሉ። ዘመዱ ግትር አላቸው፤ እኛ ግን እንደዚያ ለማለት አንደበታችን አልደፈረም።

ወጣቷ ተመራማሪ ቃሏን ጠበቀች። በ2013 ዓ.ም. የጥናቱን አንድ ቅጅ ከአንድ ደብዳቤ ጋር ላከችልን። የአክስታችን ጉዳይ በስምንት ገጽ ያህል ተጽፏል፤ የይርጋው ክርክር፣ የዳውላው ቁጥር፣ የሽማግሎቹ ቃል አንዱም አልቀረም። ቅጅውን ይዘን ወደ ቤታቸው ሄደን ወደ አማርኛ እየመለስን አነበብንላቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ሲያዳምጡ ቆዩና «የማን ነገር ነው የምታነበው?» አሉን።

«የእርስዎ ነው እንጂ፣ አክስቴ።»

«ታዲያ ስሜ የታለ?»

በጥናቱ ውስጥ «ወይዘሮ ሀ.» ተብለው ነበር። የሚጠየቁ ሰዎች ጉዳት እንዳያገኛቸው ስማቸው እንዳይገለጥ የሚያዝ የምርምር ደንብ መኖሩን አስረዳናቸው። በጥሞና ሰሙንና «እኔ ምን ሰርቄ ነው ስሜ የሚደበቀው? በዚያ ደብተር ስሜ የለም፤ በዚህም የለም። ለዚያች ልጅ ጻፍላት፤ ሀ. ማለት እኔ መሆኔን ታስገባው» አሉን። እንዳሉንም ጻፍን። መልሱ ከአንድ ወር በኋላ መጣ። ዩኒቨርሲቲው የተቀበለውን ጽሑፍ ለመለወጥ አልተቻለም፤ ነገር ግን በተላከው ሌላ ቅጅ ላይ፣ «ወይዘሮ ሀ.» በሚለው ሁሉ አጠገብ፣ የአክስታችን ስም እስከነአባታቸውና እስከነአያታቸው በሰማያዊ ቀለም በእጅ ተጽፎ ነበር። ቈጠርነው፤ ሠላሳ አራት ቦታ ላይ ነው። አክስታችን ማንበብ ስለማይችሉ በጣታቸው እያስነኩን አንድ በአንድ አሳየናቸው፤ በሠላሳ አራተኛው ላይ ሲደርሱ ጣታቸውን ሳያነሡ «ያን ጤፍ የሚናገረው ገጽ የትኛው ነው? ምልክት አድርግልኝ፤ ልጆቹ ሲመጡ የሚያነብላቸው ሰው አይጠፋም» አሉን።